የምወደውን ላፕቶፕ የሰደብሁ ዕለት

አባቴ በሬ መራጭ ነው። ኑሮው እርሻ ነው፤ ገብስና ስንዴ ይዘራል፣ ባቄላም ያበቅላል፤ አገር የሚያውቀው ግን በበሬ መራጭነቱ ነው። በሬ ሊገዛ ያሰበ ሰው በማለዳ ቤታችን ይመጣና "እስቲ ዛሬ ገበያ አብረኸኝ ዋል" ብሎ ይለምነዋል። የስማዳ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ታች ጋይንት ድረስ እየተጠራ ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ከተማ ሲውል አውቃለሁ። ክፍያው አንድ ሁለት ጣሳ ጠላና ምርቃት ነው። እሱ ግን ከጠላውም ከምርቃቱም በላይ የሚወደው "አንተ ባታየው ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር" መባልን ነው። ይህን ሲሉት ጢሙን እያሻሸ ወደ ሌላ ያያል፤ እንዳልሰማ ለመምሰል።

እንግዲህ ላፕቶፕሽን ካልመረጥሁልሽ ብሎ የተነሣው ይህ ሰው ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፌ ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ጊዜ፣ ወገዳ የሚያስተምረን የአይሲቲ መምህራችን ጠርቶ አስቀመጠኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ማሰቤን ያውቃል። ትምህርት ቤታችን ካሉት ኮምፒውተሮች በሥርዓቱ የሚነሡት ጥቂት ስለነበሩ አንዱን ለአምስት ከበን እየተጋፋን ነው የተማርነው፤ እኔም ኪቦርዱን ለመንካት ስል የስንቱን እጅ በጥፊ እንዳባረርሁ አልደብቃችሁም። "እዚያም የሚጠብቅሽ ወረፋ ነው" አለኝ መምህሩ። "ይህን ትምህርት የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ሰው የሰው ፊት እያየ ነው የሚማረው። አንዴ ነው የምትገዢው፤ እስክትመረቂ የሚያገለግልሽን ግዢ።"

አንዴ ነው ያለው እውነቱን ነው። ከቤታችን ለዚህ ጉዳይ የሚሸጥ ነገር ቢኖር የእኔ ጊደር ብቻ ነበረች። የክርስትና እናቴ በልጅነቴ ከሰጠችኝ ላም የተወለደች፣ ዳልቻ፣ ስጠራት ከመንጋው መሐል ቀና ብላ የምታየኝ ጊደር። ተሸጠች። ሁለት ቀን እህል አልቀምስም ብዬ አኮረፍሁ፤ በሦስተኛው ቀን ርቦኝ በላሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። በጊደሬ ዋጋ የማይሆን ላፕቶፕ ከገዛሁ ሌላ ጊደር የለችኝም፤ ያሰብሁት ትምህርትም ገና ከመጀመሩ ያበቃለታል።

መምህሩ ቁራጭ ወረቀት ላይ የምፈልገውን ጻፈልኝ። ኮር አይ ፋይቭ ይሁን፤ ራሙ ስምንት ይሁን፤ ኤስኤስዲ ያለው፣ ባትሪው ያልደከመ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮ "መልኩን እንዳታዪ!" ብሎ ጨመረበት። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት።

"ብቻዬን መካነ ኢየሱስ ሄጄ ገዝቼ እመጣለሁ" አልሁ ቤት።

"ብቻሽን? ይህን ሁሉ ብር ይዘሽ? ከነጋዴ ፊት?" አለ አባቴ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም! አንተ ስለ ላፕቶፕ ምን ታውቃለህ?"

"ስለ ላፕቶፕ ምንም አላውቅ። የሚሸጠውን ሰው ግን አውቀዋለሁ። አንቺ ዕቃውን እዪ፣ እኔ ሰውየውን አያለሁ።"

ተነጫነጭሁ፤ በር ገጭ አድርጌ ወጣሁ። ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ በላፕቶፕ መሐል ሲንጎራደድ ታየኝና በሐፍረት ጆሮዬ ጋለ። እሱ ግን "እኔም ማረሻ መግዛት አለብኝ፤ የድሮው አልቋል" ብሎ ነገሩን ዘጋው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከወገዳ በሚነሣው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንጀት ከአንጀት ያማታል። አባቴ በዚያ ሁሉ ንጠት መሐል ያስተምረኛል። ትምህርቱ አንድ ነው። ገበያ ላይ የወደድኸውን ታጣጥላለህ፣ ያልወደድኸውን ታደንቃለህ። እሱ ልቡ የቆመበትን በሬ ሲያይ አጠገቡ ያለውን ሌላ በሬ ነው ጮክ ብሎ የሚያሞግሰው፤ ወደሚፈልገው ዞሮ ደግሞ "ይሄ በሬ ነው ወይስ ፍየል? ጫንቃውስ ምን በላው?" ይላል። ባለበሬው ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ በኋላ ግን በሬውን በአዲስ ዓይን ማየት ይጀምራል። ከዚያ ዋጋው መውረድ ይጀምራል።

"ዋናው ፊት ነው" አለኝ። "ያንቺ ፊት ደግሞ፣ ማርያምን፣ የልብሽን ሁሉ ነው የሚናገረው። ከሻጭ ፊት እኔንም እንዳትጠቅሽኝ፣ እንዳትጎሽሚኝ። ልብሽ ያረፈበትን አጣጥዪ፤ በቃ።"

ከፊታችን አንዲት ሴትዮ ቀይ ዶሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል። አባቴ በክርኑ ነካ አደረገኝና "እስቲ ያችን ዶሮ አጣጥያት" አለኝ በሹክሹክታ።

"አባዬ!"

"አጣጥያት እልሻለሁ። ልምምድ ነው።"

ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና "እማማ፣ ዶሮዋ አሟታል እንዴ? ምነው ላባዋ እንዲህ ረገፈ?" አልሁ።

ሴትዮዋ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺን ራስሽን አሞሽ እንዳይሆን! ምን የመሰለችውን ዶሮ!"

አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ ስቦ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን መካነ ኢየሱስ እስክንገባ ድረስ የዶሮዋን ክንፍ ገለጥ እያደረጉ ሲመለከቱ ነበር። "አየሽ?" አለኝ አባቴ። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ዶሮዋ ድንቅ ዶሮ ነበረች።

ሱቁ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ስልክ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የሶላር መብራት ይሸጣል፤ ጥግ ላይ ባለ መደርደሪያ ደግሞ ያገለገሉ ላፕቶፖች አሉ። ባለሱቁ ፈገግታ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው። "ግቡ፣ ግቡ! ለተማሪዋ ነው?" ብሎ ወንበር ሳበልን። ለጊደሬ ዋጋ የሚቀርቡ ሁለት ላፕቶፖች ብቻ ነበሩ። አባቴ ወዲያው በከብት ጠጉር ስም አወጣላቸው፤ አንዱ "ጥቁሩ"፣ ሌላዋ "ዳልቻዋ" ሆኑ።

ጥቁሩ ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ተፋፍቋል፤ ክዳኑ ላይ ማን እንደጫረው የማይታወቅ ጭረት አለበት። ከፈትሁና መምህሩ እንዳሳየኝ ውስጡን ማየት ጀመርሁ። ኮር አይ ፋይቭ፤ አለው። ራሙ ስምንት። ኤስኤስዲ። አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ እየወጣ ሲመጣ ልቤ ዘለለች። ሲነሣ ፈጣን፣ ሲጽፉበት ለስላሳ። ከነጭረቱ ወደድሁት፤ ያኔውኑ የእኔ ነው አልሁ በሆዴ።

ዳልቻዋ ስስና ብርማ ናት፤ ክዳኗ ያብለጨልጫል፣ ለዓይን ታሳሳለች። ውስጧን ሳየው ግን ራሟ አራት፣ ኤስኤስዲ የላት፤ አንድ ነገር ክፈቺ ሲሏት ቆማ ታስባለች። ዋጋዋ ደግሞ ከጥቁሩ ይበልጣል። ለመልኳ መሆኑ ነው።

መሐል ላይ መብራት ሄደ። ባለሱቁ "ኤዲያ!" ብሎ እጁን አራገበ። የአባቴ ፊት ግን በራ።

"እሰይ! እስካሁን እየበሉ ነው የቆሙት። እስቲ አሁን ሳይበሉ ሲሠሩ ልያቸው" አለ።

"አባቴ፣ ባትሪ አላቸው እኮ፣ አያሳስብዎ" አለ ባለሱቁ።

"እንግዲያው አሠራቸው።"

ባለሱቁ እየሳቀ በሁለቱም ላይ ቪዲዮ ከፈተ። አባቴ ዱላውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ደንበኛ ይገባል ይወጣል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። በየመሐሉ "ስንት ሆኑ?" ይለኛል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን የባትሪ ቁጥር አነብለታለሁ። ጥቁሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ዳልቻዋ ትንደረደራለች። እጁን ከሥሯ ሰደደና "ትኩሳት አለባት እንዴ?" አለ። ባለሱቁ ሳቀ። ያን ሁሉ ሐፍረቴን ረሳሁት። በልቤ "እውነትም በሬ መራጭ!" እያልሁ ተገርሜ አየዋለሁ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ልቤ ያረፈበትን ማጣጣል አለብኝ።

"ይሄ ጥቁሩማ የወፍጮ መጅ ነው" አልሁ ከንፈሬን አጣምሜ። "ማን ይሸከመዋል? ጓደኞቼ ፊት ባወጣው ምን ይሉኛል? አያቴ ዘመን የተሠራ ነው እንዴ?"

"ኧረ ጥሩ ዕቃ ነው እህቴ" አለ ባለሱቁ።

"ለአንተ ጥሩ ይሁንልህ!" ወደ ዳልቻዋ ዞርሁ። "ይችን እዩልኝ! ውይ፣ ስታምር! እንደዚች ያለ ነገር በሕልሜም አይቼ አላውቅም።" ክዳኗን ዳበስሁት። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበር? ግን አባቴ ፊትሽ የልብሽን ይናገራል ያለው ነገር እልህ አስይዞኛል። ፊቴም ሥራ እንደሚችል ላሳየው ፈለግሁ። እናም ጊደሬን አሰብኋት። የላፕቶፗ መልክ ራሱ የእሷን ጠጉር ይመስላል። ገዢው ይዟት ሲሄድ ዞራ ያየችኝን አሰብሁ፤ እንባዬ ግጥም ብሎ መጣ። ዳልቻዋን ላፕቶፕ ታቅፌ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። ባለሱቁ አፉን ከፍቶ ያየኛል። አባቴ ዓይን ዓይኔን ያያል።

እንደ ወጉ "እናስብበት" ብለን ወጣን። ገበያ ላይ ሳይወጡና ሳይመለሱ አይገዛም። በሩ ላይ "አባዬ፣ እንዳልኸኝ አደረግሁ" አልሁት በሹክሹክታ፤ ደስታዬ ሊያፈነዳኝ ነው።

"አየሁ ልጄ፣ አየሁ" አለ፤ ድምፁ ለስለስ ብሎ። "አንቺ መናኸሪያ ሂጂና ቦታ ያዢ። ዋጋውን እኔ ብቻዬን ልጨርስ። ማረሻዬንም ገዝቼ እመጣለሁ።"

እየዘለልሁ ሄድሁ። ጥቁሩ ረክሶ ሲመጣ እየታየኝ የወገዳው አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ወንበር ያዝሁ። አንዱን በነጠላዬ፣ አንዱን በራሴ። ቁጭ ብዬ መምህሩን እንዴት እንደማመሰግነው፣ ጥቁሩን የት እንደማስቀምጠው፣ ክዳኑ ላይ ምን እንደምለጥፍበት ሳይቀር አሰብሁ።

አባቴ መጣ። አዲስ ቦርሳ አንግቷል። ፊቱን እንደዚያ በርቶ ያየሁት በዘመድ ሠርግ ዕለት ብቻ ነው። እጁ ላይ ግን ማረሻ የለም።

"ማረሻውስ?"

"ተይው፣ አልወደድሁትም። ይልቅ ክፈቺው!"

ዚፑን ሳብሁት። ብርማ ክዳን አብለጨለጨ።

ዳልቻዋ ናት።

"ዝም አልሽሳ?" አለ አባቴ እየሳቀ። "ያ ሰውዬ ሻጭ ነው! ምንም አልቀንስም ብሎ ድርቅ አለብኝ። 'ልጅዎ እኮ አለቀሰችላት' ይለኛል። የማረሻውን ጨምሬ ተውሁት። ደካማ መሆኗ አልጠፋኝም፤ ጥቁሩ ይበረታል። ነገር ግን ዓይንሽን አየሁት። በዕድሜዬ ሙሉ ከብት በጠጉሩ አይቼ ገዝቼ አላውቅ። ዛሬ ገዛሁ፤ ላንቺ ስል። አንቺ ከወደድሽው ይሁን ብዬ።"

ምን ልበል? ረዳቱ "ወገዳ! ወገዳ! ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። ዝም ብል አውቶቡሱ ይሄዳል፤ አባቴ በደስታው እንደበራ ቤቱ ይገባል፤ እኔ ዳልቻዋን ታቅፌ፣ አንድ ነገር ክፈቺ ባልኋት ቁጥር ስታስብ እየጠበቅሁ፣ የሰው ላፕቶፕ እየለመንሁ እማራለሁ። ብናገር ደግሞ፣ ይህን አገር የሚጠራውን ሰው፣ የሻጭን ሁሉ ልብ የሚያነበውን ሰው፣ የገዛ ልጅህ አታለለችህ ልለው ነው። ያውም ሰው በተሰበሰበበት። "አንድ ሰው የቀረው!" አለ ረዳቱ።

"አባዬ" አልሁ፤ ከዚያ እንደ ልማዴ ፈነዳሁ። "እኔ የምወደው ጥቁሩን ነበር!"

"ምን?"

"ጥቁሩን! ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ያለው ጥቁሩ ነው! አንተው አይደለህ የወደድሽውን አጣጥዪ ያልኸኝ? አጣጣልሁት! የወፍጮ መጅ አልሁት! ምነው ሳይገባህ ቀረ?"

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። "እና ያ እንባስ?"

"ለጊደሬ ነው። እንባ እንዲመጣልኝ ጊደሬን አስቤ ነው።"

አሁን ጉድ ፈላ፣ አሁን ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ያ የጋቢ ውስጥ ሳቅ አልነበረም፤ አውቶቡሱን ሞላው። ጉልበቱን እየመታ "ኧረ በሥላሴ! ኧረ እናንተ ሰዎች! እኔን! በሬ የሚያህል ነገር የማያመልጠኝን ሰውዬ ይች እፍኝ የማትሞላ ልጅ!" ይላል። አጠገባችን ያሉት ሳይገባቸው አብረውት ሳቁ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ብድግ አለና ቦርሳውን አነሣ።

"ውረጂ" አለኝ።

ወረድን። ቦታችንን ወዲያው ሁለት ሰዎች ያዙት።

ባለሱቁ ስንመለስ ሲያየን ፈገግታው ቀነሰ። አባቴ ገና "ልንለውጥ ነው የመጣነው" ከማለቱ ባለሱቁ አገጩን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። በቀይ እስክሪብቶ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

"ብልሽት ካለበትስ?" አልሁ እኔ ፈጠን ብዬ።

"ብልሽት ካለበትማ እመልሳለሁ፤ ሰው ነኝ እኮ። ምን ሆነች?"

አባቴን በነጠላዬ ከለል አድርጌ "ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል በለው። ውሸት አይደለም እኮ" አልሁት።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በከብት ገበያ ወግ አለ፤ የተገዛ በሬ ሻጩ የደበቀው ነውር ከወጣበት ገዢው መልሶ ይሰጣል፣ ማንም አይከራከረውም። ዓይኑ እያየ የገዛውን ግን ቢቆጨውም ይዞት ይኖራል። "ባትሪዋን እያየሁ አይደል የገዛኋት?" አለኝ፤ ደግሞ ሳያንሾካሹክ። "ነውር የለባትም ወንድሜ። ያሳየኸን ሁሉ እንዳሳየኸን ነው። ጥፋቱ የኛ ነው።"

ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ትክክለኛነቱ አናደደኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልሁ። ባለሱቁ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል።

አባቴ ነገሩን ከሥሩ ነገረው። ዶሮዋን ሳይቀር። አጣጥዪ ብዬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ የተታለልሁትም እኔ ነኝ አለው። ባለሱቁ መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ቆይ፣ ያ ሁሉ ስድብ ውሸት ነበር?"

"ውሸቴን ነው" አልሁ መሬት መሬት እያየሁ።

"ማን ይሸከመዋል፣ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል ያልሽውስ?"

"ጓደኞቼ ቢያዩት ይቀኑብኛል።"

"እንባውስ?"

"ጊደሬን አስቤ ነው።"

ባለሱቁ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ። "ወይ ጉድ! እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ፤ አባቴ በሬ ሲገዛ ሲያጣጥል ስንቴ አይቻለሁ! ዳልቻዋን እንዲህ ከወደደቻትማ ብዬ እኮ ነው አባትሽ ላይ ድርቅ ያልሁት!" እየሳቀ ተነሣ፤ ጥቁሩን ከመደርደሪያው አውርዶ ከዳልቻዋ ጎን አስቀመጠው። "እሺ። እለውጣለሁ። ግን ሁለተኛ አልሞኝም፤ ከአፍሽ ልስማ። የትኛውን ነው የምትፈልጊው?"

አባቴን አየሁት። "ተናገሪ" አለኝ። "ገበያውን ተይው። የልብሽን ተናገሪ።"

እንዲህ ቀላል ነገር እንደዚህ ይከብዳል ብዬ አላውቅም ነበር። በእኛ ቤት ይህን እፈልጋለሁ ብሎ የሚናገር ሰው የለም፤ ምን ልስጥሽ ሲሉሽ ምንም ነው መልሱ። "ጥቁሩን" አልሁ። ቀና ብዬ ደገምሁት። "ጥቁሩን ነው የምፈልገው። ስገባ ጀምሮ እሱን ነው የምፈልገው። እስክመረቅ የሚያደርሰኝ እሱ ነው።"

"ዋጋው ቅድም የጠራሁት ነው" አለ ባለሱቁ፤ ብሎም አባቴን በጉጉት ይጠብቅ ጀመር። ክርክሩ እንደሚመጣ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ቅድም ከከፈለው ላይ የሚመለስለት ትንሽ ብር አለ፤ እንደ ልማዱ ትንሽ ቢከራከርበት ማረሻው ይወጣለት ነበር። ይሄ ላፕቶፕ ነው ወይስ ሳንቃ እስኪል ጠበቅሁ።

አባቴ ጥቁሩን አነሣው። በሻካራ መዳፉ ያን የተፋፋቀ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው።

"ጥሩ ነው" አለ።

"ምን አሉ አባቴ?" አለ ባለሱቁ።

"ጥሩ ነው አልሁህ። ጠንካራ ነው። ሂሳብህን ያዝና የተረፈውን መልስልኝ።"

"ምንም አይከራከሩም?"

"ለመከራከር ማጣጣል አለብኝ። ልጄ ወደድሁት ብላ የተናገረችውን ዕቃ ምኑን ብዬ ላጣጥለው?"

አባቴ የወደደውን ነገር በሰው ፊት ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም፤ እኔንም ቢሆን። ፈተና ማለፌን ሰምተው ጎረቤቶች እንኳን ደስ አለህ ሊሉት ሲመጡ "ዕድል ቀንቷት ነው" ነበር ያላቸው። ዓይን እንዳይበላኝ ፈርቶ መሆኑን ባውቅም ከፍቶኝ ነበር። አሁን በማያውቀው ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ በዱላው ወደ እኔ እያመለከተ፣ "ይች ልጅ ጎበዝ ናት" አለ። "ዕድል አይደለም። ስትለፋ አይቻታለሁ። ጎበዝ ናት።"

በቃ፣ አለቀስሁ። ጥቁሩን ታቅፌ፣ ስልክ ሊገዙ የገቡት ሰዎች ሁሉ እያዩኝ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ባለሱቁ ሶፍት መዝዞ ሰጠኝና ወደ አባቴ ዞረ።

"አባቴ፣ ይሄኛውን እንባስ ልመነው?"

"እመነው" አለ አባቴ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ።